ከተማ የሚመዘነው ነገር ሲበላሽ ነው፦ የመኖሪያ ከተማ አመራረጥን ለመከረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የትኛው ከተማ ብኖር ይሻለኛል ብለው ለሚያስቡ ሰዎች መመሪያ እንዲሆን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰዎች ሲቀባበሉት አይቼ እኔም አነበብኩት። በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ለአንባቢያቸው ከልብ የሚያስቡ መሆናቸውም ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። በዓለም አቀፉ የኑሮ ምቹነት ሰንጠረዥ ከፊት ከተሰለፉት ከተሞች ጀምር። ከደመወዝህ ላይ የቤት ኪራዩን ቀንስና ብዙ የሚተርፍህን ከተማ ምረጥ። ዛሬ ሥራ ከቤት ሆኖ ስለሚሠራ ለሙያዬ የትኛው ከተማ ይበጃል ብለህ አትጨነቅ። መንገዱ ሰፊ፣ የመኪና ማቆሚያው የማይቸግር ከተማ ከሆነ ርቀት አያሳስብህ። ከመወሰንህ በፊት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሄደህ እየው።

አምስቱንም ነጥቦች በተራ እመለስባቸዋለሁ፤ ሁሉም ግን እኩል ቦታ አይገባቸውም። አምስቱን የሚያያይዛቸው አንድ ስሕተት አለ ብዬ አምናለሁ። ጽሑፉ ከተማን ያነጻጸረው ሁሉ ነገር ለተሳካለት ሰው ነው፦ ሥራው ላልተቋረጠ፣ አከራዩ ልቀቅ ላላለው፣ መኪናው መንገድ ላይ ላልቆመበት፣ የትዳር ጓደኛው ሥራ ላላጣች። እንዲህ ላለ ሰው አብዛኛው ከተማ ደኅና ነው። በከተሞች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚታየው የመጀመሪያው ዕቅድ ሲከሽፍ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ሥራ፣ ሁለተኛ ቤት፣ ሁለተኛ መንገድ ከቅርብ ይገኛል ወይስ አይገኝም? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከሰንጠረዡ ጀምር»

ጸሐፊው የተመረኮዙት ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የተባለው የጥናት ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው መለኪያ ላይ ነው። መለኪያው 173 ከተሞችን በአምስት ዘርፍ ይመዝናል፤ ለመረጋጋት 25፣ ለባህልና ለአካባቢ 25፣ ለጤና 20፣ ለመሠረተ ልማት 20፣ ለትምህርት 10 በመቶ ይሰጣል። ኪራይ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ውስጡ የለም፤ የኑሮ ውድነትን ድርጅቱ በሌላ ጥናት ለብቻው ነው የሚያወጣው። ሥራ ይገኛል ወይ የሚለውም የለም።

ይህ የሆነው አዘጋጆቹ ረስተውት አይደለም። እንዲህ ያለው መለኪያ ከሚያገለግላቸው ዋና ዋናዎቹ ሠራተኛቸውን ወደ ሌላ ከተማ የሚልኩ ኩባንያዎች ናቸው። ከ80 ነጥብ በላይ ላገኘ ከተማ ተጨማሪ ክፍያ አያስፈልግም ይላል፤ ነጥቡ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚመከረው የችግር ማካካሻ ከፍ እያለ ሄዶ ከ50 በታች ላለ ከተማ የደመወዙን 20 በመቶ ይደርሳል። በሰንጠረዡ ውስጥ የታሰበው ሰው እንግዲህ ውል ፈርሞ የመጣ፣ ከኋላው ኩባንያ የቆመለት፣ ሥራው ሲያልቅ የሚመለስበት ያለው ሰው ነው። ሻንጣውን ይዞ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ሰው በዚህ ሚዛን ላይ ጨርሶ አልወጣም። ጸሐፊው ምክራቸውን የጻፉት ግን ለዚሁ ሰው ነው።

ሰንጠረዡ ለረጅም ጊዜ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚያስተማምን የ2021ን እና የ2022ን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል። በ2021 የኒውዚላንዷ ኦክላንድ አንደኛ ነበረች፤ በዓመቱ 34ኛ ሆነች። ቪየና 12ኛ ነበረች፤ በዓመቱ አንደኛ ሆነች። በዚያች አንድ ዓመት የኦክላንድ ቤቶች አልፈረሱም፤ የቪየና ሐኪሞችም እጥፍ አልሆኑም። የተለወጠው በኮቪድ ምክንያት የተዘጋውና የተከፈተው ነገር ነው። መለኪያው የዚያን ዓመት ሁኔታ በትክክል መዝግቦ ይሆናል፤ ልጅ አሳድጎ ጡረታ የሚወጣበትን ቦታ ለሚመርጥ ሰው ግን የአንድ ዓመት መዝገብ አይበቃውም። ከላይ ባሉት ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የነጥብ ክፍልፋይ ነው። በ2011 ቫንኩቨር ለዓመታት ይዛው የቆየችውን አንደኛነት ስታጣ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የማላሃት አውራ ጎዳና በየጊዜው መዘጋቱ ነበር። ያ መንገድ ያለው በቫንኩቨር ደሴት ላይ ነው፤ ከቫንኩቨር ከተማ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ባሕር መሻገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ከተማ ለነባሩና ለአዲስ መጤው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ቪየና ለኑሮ ትመቻለች ሲባል ዋናው ምክንያት ቤት ነው፤ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው ማዘጋጃ ቤቱ ባሠራቸው ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ቤቶች አንዱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ በከተማዋ ተመዝግቦ መኖር ግድ ይላል። በስቶክሆልም ኪራዩ የተረጋጋ ቤት በአብዛኛው የሚገኘው በወረፋ ነው፤ ጥሩ ሰፈር ለመግባት ወረፋው ዓመታትን ይወስዳል። አዲስ የመጣው ሰው እስከዚያ ድረስ ከተከራይ ላይ እየተከራየ፣ በየጊዜው ሰፈር እየቀየረ፣ ልጆቹንም ትምህርት ቤት እያቀያየረ ይከርማል። ሁለቱም ከተሞች እውነትም ግሩም ናቸው። ነገር ግን ሰንጠረዡ የነባሩን ኑሮ ነው ያሳየው፤ ጽሑፉ ደግሞ ያንን ኑሮ ለአዲስ መጤው ቃል ገባለት።

«ከደመወዝ ላይ ኪራይ ቀንስ»

ይህ ስሌት ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይቀበለዋል። የሚቆጥረው ግን የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ነው። ሰው በአንድ ከተማ ሃያ ዓመት ቢኖር የመጀመሪያው አሠሪው የመጨረሻው አሠሪው የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ የምፈራው የመጀመሪያው ደመወዝ ማነስ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ምንም አለመኖር ነው።

በ1950 ዲትሮይት ውስጥ የነበረ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የጸሐፊውን ስሌት ቢሠራ ኖሮ ከተማዋ ብዙዎቹን ተፎካካሪዎቿን ትበልጥበት ነበር፤ ደመወዙ ጥሩ፣ የራስ ቤትም ሊገዛ የሚቻል። በዚያ ዓመት 1.85 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። በ2020 ቆጠራ የቀሩት 639,111 ናቸው፤ በ2013 ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ቆመ። የዘር መለያየትና ወደ ዳርቻ ሰፈሮች የተደረገው ሽሽትም ትልቅ ድርሻ ስለነበራቸው ነገሩን ሁሉ በፋብሪካዎቹ ላይ ብቻ መጫን ልክ አይሆንም። ለአንድ ቤተሰብ የደረሰው ጉዳት ግን በሁለት እጅ ነበር፤ ሥራው ሲጠፋ የቤቱም ዋጋ አብሮ ወደቀ። ሥራ ወዳለበት ከተማ ልሂድ ያለው ሰው መነሻ የሚሆነውን ገንዘብ የሚያገኝበት ቤት ገዢ አጣ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት የሚባለው ለዚህ ነው። በአንድ ኢንዱስትሪ ላይ የቆመ ከተማ ውስጥ ደመወዝም ቤትም የሚታመኑት በዚያው በአንዱ ነገር ነው፤ የወር ተራፊው የቱንም ያህል ቢያምር ይህን አደጋ አያሳይም።

ሌላም የማይቆጠር ነገር አለ፦ ሠራተኛው ከአንዱ አሠሪ ወደ ሌላው የመሻገር ነጻነቱ። በካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ የቆየ ሕግ አለ፤ ሠራተኛ ከለቀቀ በኋላ ለተፎካካሪ እንዳይሠራ የሚከለክል ውል በዚያ ሕግ መሠረት በአብዛኛው ፍርድ ቤት አይጸናም። የሲሊከን ቫሊን እድገት በቦስተን ዙሪያ መስመር 128 በተባለው አውራ ጎዳና ዳር ከነበሩት የኮምፒውተር ኩባንያዎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ልዩነቱን ካዩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የሠራተኛ እንደልብ መዘዋወር ነው። ሁለት ከተሞች እኩል ደመወዝ አቅርበው በአንደኛው ሥራ መቀየር ማለት መንገድ ተሻግሮ ጎረቤት ኩባንያ መግባት፣ በሌላው ደግሞ ውሉ እስኪያልፍ ወራት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ሊሆን ይችላል። የሥራ ውል ከመፈረም በፊት ይህን አንቀጽ ማንበብ የሰፈር ኪራይ ከመጠየቅ አያንስም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ደግሞ የትዳር ጓደኛን ሥራ ነው። ስሌታቸው ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። ዶራ ኮስታና ማቲው ካን በ2000 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ሁለቱም ኮሌጅ የጨረሱ ባለትዳሮች ወደ ትልልቅ ከተሞች እንዴት እንደተሰበሰቡ አሳይተዋል፤ በ1940 ከእነሱ 32 በመቶው፣ በ1970 39 በመቶው፣ በ1990 ግማሾቹ በትልልቅ ከተሞች ይኖሩ ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያና አንድ የሕንጻ መሐንዲስ ሁለቱም የሚሠሩበት ቦታ ሲፈልጉ፣ ትንሽ ከተማ ለአንዳቸው ጥሩ ሥራ ሰጥታ ሌላኛውን ቤት ታስቀምጣለች። ቤት የቀረው ሰው ያጣው ደመወዝ በኪራይ ቅናሽ አይካካስም። ከደመወዙ ይልቅ በሙያው ላይ የሚፈጠረው ክፍተት ይብሳል፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ እንኳ ተመልሶ መግባት ይከብዳልና።

«ሥራ ከቤት ስለሚሠራ ከተማ ለሙያ ለውጥ የለውም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። በቻይና ሲትሪፕ በተባለው የጉዞ ድርጅት ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ሙከራ (ውጤቱ የታተመው በ2015 ነው) ከቤት ሆነው የሠሩ የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ሥራቸው በ13 በመቶ መሻሻሉን አሳይቷል። ጽሑፉ የጠቀሰውም ይህንኑ ነው። ከዚያው ጥናት የተተወው ሌላው ውጤት ግን እኩል ሥራ ከሠሩት መካከል ከቤት የሚሠሩት እድገት የማግኘት ዕድላቸው ዝቅ ማለቱ ነው። ዓይን ያላየው ሠራተኛ ሥራው ቢመሰገንም ቦታ ሲከፈት ስሙ አይነሳም። የዚያው ድርጅት ሌላ ሙከራ በ2024 ታትሞ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት መሥራት እድገትን እንደማይጎዳና ሥራ የሚለቁትን በሲሶ እንደቀነሰ አሳየ። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ የሚገባ ሰው ከዚያ ከተማ ርቆ መኖር አይችልም፤ ሙያው አሁንም ከተማውን ይመርጥለታል ማለት ነው።

ትልልቅ ከተሞች ለሙያ የሚሰጡት ነገር ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊውን እቀበላቸው ነበር። ሆርሄ ዴ ላ ሮካና ዲዬጎ ፑጋ የስፔን ሠራተኞችን የማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ ተከትለው በ2017 ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ነገር በጣም ያስገርመኛል። በማድሪድና በባርሴሎና የተገኘ የሥራ ልምድ በትንሽ ከተማ ከተገኘው የበለጠ ዋጋ አለው፤ ሠራተኛው ከትልቁ ከተማ ወጥቶ ወደ ትንሽ ቢሄድም ያንን ብልጫ አብዛኛውን ይዞት ይሄዳል። ወጣት ሆኖ ሥራ ለሚጀምር ሰው ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪራይ እየመረረውም ቢሆን ከበሰሉ ሰዎች አጠገብ መቀመጥ ኋላ የትም ሲሄድ አብሮት የሚጓዝ ሀብት ይሆነዋል። ቤቱ ተዘግቶ በስክሪን ብቻ ሥራ የጀመረ ሰው አጠገቡ ያለው ባለሙያ ደንበኛን እንዴት እንደሚያረጋጋ፣ የተበላሸ ሥራን እንዴት እንደሚያቃና አያይም። ሙያው የጎለመሰ፣ ስሙ የታወቀ ሰው ከቤት ቢሠራ የሚያጣው ጥቂት ነው። ጸሐፊው ለሁለቱም አንድ ምክር መስጠታቸው ጉዳቱ በጀማሪው ላይ እንዲወድቅ ያደርጋል።

«መኪና ካለህ ርቀት አያሳስብም»

መኪና እወዳለሁ፤ ጸሐፊው ስለ ረጅም መንገድ ጉዞ የጻፉትንም በደስታ ነው ያነበብኩት። ክርክሬ መኪናን በስሌቱ ያስቀመጡበት ቦታ ላይ ነው። እሳቸው በምቾት መደብ ውስጥ አስገብተውታል። ያለ መኪና ሥራ መሄድ በማይቻልበት ከተማ ግን መኪና የኪራይ ክፍል ነው። ዋጋው ቆሞም ሳለ ይወርዳል፤ በተለይ አዲስ መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋጋው ትልቅ ድርሻ ያጣል። ኢንሹራንሱ ተነዳም አልተነዳም ይከፈላል። ጎማ፣ ሰርቪስ፣ ነዳጅ፣ ማቆሚያ ሲታከልበት ከመሃል ከተማ ርቆ በተገኘው ርካሽ ኪራይ የተረፈው ገንዘብ መኪናው ላይ ያልቃል። ባልና ሚስት በተለያየ አቅጣጫ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ወጪው በሁለት ይባዛል። ጸሐፊው ኪራይ ሲቀንሱ ይህን አለመቀነሳቸው ሰፊ ከተማ ሁሉ ርካሽ እንዲመስል አድርጎታል።

መንገዱ ሰፊ ነው ማለትም መንገዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በሂውስተን የኬቲ አውራ ጎዳና በ2008 ሰፍቶ ሲያልቅ በአንዳንድ ቦታ የአገልግሎት መንገዶቹን ጨምሮ 26 መስመር ደርሶ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ ጉዞ መልሶ ረዘመ። ዢል ዱራንቶንና ማቲው ተርነር በ2011 ያሳተሙት ጥናት ለምን እንዲህ እንደሚሆን ያስረዳል፤ በአሜሪካ ከተሞች የአውራ ጎዳና መስመር በጨመረው መጠን በመኪና የሚነዳውም ርቀት በዚያው ልክ ጨምሯል። ሰው ለጉዞ የሚመድበው ጊዜ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖ ይቆያል የሚለውን ሐሳብ ያኮቭ ዛሃቪ፣ ከእሳቸውም በኋላ ቼዛሬ ማርኬቲ አብራርተውታል። መንገድ ሲፈጥን ሰው የተረፈውን ጊዜ ቤት ተቀምጦ አያርፍበትም፤ ርቆ ይሄዳል፣ ርቆ ይገነባል፣ ከዚያ ሁሉም መንገዱን ይሞላዋል። ብሩኖ ፍሬይና አሎይስ ሽቱትዘር ደግሞ በጀርመን መረጃ ላይ ተመሥርተው እንዳሳዩት ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ነው፤ የተሻለ ደመወዝ ወይም የተሻለ ቤት አግኝተውበታል ተብሎ የሚታሰበው ጥቅም የድካሙን ዋጋ አልሸፈነም።

ነገር ሲበላሽስ? መኪናው መለዋወጫ እየጠበቀ ጋራዥ ሲቆም፣ ባቡርና አውቶቡስ ባለበት ከተማ የሚኖረው ሰው ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወጣል፤ ሌላ መንገድ በሌለበት ከተማ የሚኖረው ደግሞ ከሥራ ይቀራል፤ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ገቢውን ያጣል። በየቤቱ የማይነዱ ሰዎችም አሉ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚያደርሰው ወላጅ ይፈልጋል። ዓይናቸው የደከመ እናትና አባት መንዳት ያቆሙ ቀን ከወዳጆቻቸውም ከሐኪማቸውም ይራራቃሉ። እኔ ስለ ከተማና ስለ መኪና ሲወራ መጀመሪያ የማስበው እነሱን ነው። ጸሐፊው መሪ የጨበጠውን ሰው ብቻ እያዩ ነው የጻፉት።

መኪናን የገደቡ ከተሞችን «ለሹፌር የማይመቹ» ብለው ከዝርዝራቸው አውጥተዋቸዋል። ቶኪዮ ውስጥ መኪና ለማስመዝገብ ማቆሚያ ቦታ እንዳለ ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ከ1962 ጀምሮ ያለ ነው። ሲንጋፖር ከ1990 ጀምሮ ለመኪና ባለቤትነት በጨረታ የሚሸጥ፣ 10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ፈቃዱ ብቻ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለመኪና ወዳጅ ይህ ከባድ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በእነዚህ ከተሞች ያለ መኪና የሚኖር ሰው ሥራ አያጣም። ስቶክሆልም በ2006 ወደ መሃል ከተማ የሚገቡ መኪኖችን ስታስከፍል ለሙከራ ነበር የጀመረችው፤ በክፍያው መስመር የሚያልፈው ትራፊክ አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን የጠላው ሕዝብ ውጤቱን አይቶ በዚያው ዓመት በተደረገው የከተማዋ ሕዝበ ውሳኔ ደገፈው፤ በ2007 ቋሚ ሆነ። መንገዱ ለቀቅ ሲል ከሁሉ በፊት የተጠቀመው የግድ መንዳት ያለበት ሰው ነው፦ መሣሪያውን ጭኖ ከቤት ቤት የሚዞረው የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ በእግሩ መሄድ የማይችል ሰው። ለእነዚህ ሰዎች መኪና አስፈላጊ መሆኑን አምናለሁ፤ ሌላው ሰው አማራጭ ያለው ከተማም ለእነሱ የተሻለ የመንጃ ከተማ ነው።

«ሁለት ሳምንት ሄደህ እየው»

ይህን ምክር እቀበለዋለሁ፤ ሁለቱን ሳምንት ግን ጸሐፊው በመከሩት መንገድ፣ በመሃል ከተማ አርፎ፣ በጥሩ ወቅት ማሳለፍ አይጠቅምም። የአየሩ ጠባይ በሚከብድበት ወር መሄድ ይሻላል። ማረፊያውም ወደፊት በእርግጥ ኪራዩን መክፈል በሚቻልበት ሰፈር ይሁን፤ ከዚያም በሥራ ቀን ጠዋት በመግቢያ ሰዓት አንዴ በመኪና፣ አንዴ በሕዝብ ትራንስፖርት እስከ ሥራ ቦታ መሄድ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረስባቸውን፣ በሙያው የሚቀጥሩ ድርጅቶች መቁጠር ያስፈልጋል፤ የትዳር ጓደኛም ለራሷ ሙያ እንዲሁ ትቁጠር። የቤት ውል ሲታይ ከዋጋው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት አከራዩ በስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ማስለቀቅ እንደሚችል ነው። ጸሐፊው «ነዋሪውን አነጋግር» ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን በተለይ በዚያ ከተማ ሥራ አጥቶ የነበረ ሰው ተፈልጎ እንዲገኝ እመክራለሁ። ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ስንት ወር ቆየ፣ ሰፈር መልቀቅ ነበረበት ወይ፣ መኪናውን ሸጦ ሥራ ፍለጋ መዞር ችሎ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቅ።